የብስክሌት ክፍሎች ጥርስ (ፊሌቶ) የሚበላባቸው ምክንያቶች፣ መከላከያውና ጥገናው

ብስክሌት በብሎንና በዳዶ የተያያዘ መጓጓዣ ነው። ፔዳሉ ከክራንኩ፣ ጎማው ከአካሉ፣ መሪው ከአንገቱ፣ የፍሬኑ ገመድ ከፍሬኑ ጋር የሚጸናው በጥቂት ሚሊ ሜትር ጠመዝማዛ ጥርስ ነው። ይህ ጥርስ ሲበላ ብሎኑ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም፤ የያዘውም ክፍል ውሎ አድሮ ይወልቃል።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ቦርከና ወንዝ የሚያቋርጠው የጨፋ ሜዳ ለጥ ያለ በመሆኑ ለብስክሌት ጉዞ ይመቻል። በአንጻሩ ዋናው መንገድ የጭነት ተሽከርካሪዎች፣ አውቶቡሶችና ባጃጆች ሳያቋርጡ የሚመላለሱበት ነው። ፔዳል ከክራንኩ ሲነቀል ወይም የፊት ጎማ ዳዶ ሲወልቅ ብስክሌተኛው የሚወድቀው በእነዚህ ተሽከርካሪዎች መካከል ነው። ስለሆነም የጥርስ መበላት የመለዋወጫ ወጪ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ይህ መረጃ የብስክሌት ባለቤቶች፣ ወላጆችና ጥገና ሰጪዎች ችግሩ ከምን እንደሚመነጭ እንዲረዱ፣ አስቀድመው እንዲከላከሉና ጥርሱ ከተበላ በኋላም ተገቢውን ጥገና እንዲመርጡ ለማገዝ የቀረበ ነው።

1. የጠመዝማዛ ጥርስ ምንነትና አሠራር

ጠመዝማዛ ጥርስ በብሎን ግንድ ላይ ወይም በቀዳዳ ውስጥ እየዞረ የሚወርድ ቦይና ጉብታ ነው። በጋራዥ ቋንቋ ፊሌቶ ይባላል። በብሎኑ ላይ ያለው የወንድ ጥርስ፣ በዳዶው ወይም በቀዳዳው ውስጥ ያለው የሴት ጥርስ ይባላል።

ብሎን በሚጠብቅበት ጊዜ ግንዱ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። ወደነበረበት ለመመለስ የሚያደርገው ስበት ሁለቱን ክፍሎች አጣብቆ ይይዛቸዋል። ይህን ስበት የሚሸከመው ጥርሱ ነው። ይሁን እንጂ ሸክሙ ለሁሉም ዙሮች እኩል አይከፋፈልም፤ ትልቁ ድርሻ የሚያርፈው ለታሰረው ክፍል ቅርብ በሆኑት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ነው። እነዚህ ዙሮች ከተሸነፉ ሸክሙ ወደ ቀጣዮቹ ይተላለፋል፤ እነርሱም በተራቸው ይቆረጣሉ። ደህና መስሎ የቆየ ብሎን በድንገት ሲለቅ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ሲገናኙ የሚሸነፈው ለስላሳው ነው። የፔዳል ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከጠንካራ ብረት የሚሠራ ሲሆን፣ በርካታ ክራንኮች ግን ከአልሙኒየም የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በፔዳልና በክራንክ መካከል ስህተት ሲፈጠር የሚበላው በአብዛኛው የክራንኩ ቀዳዳ ነው፤ ከፔዳሉ ይልቅ የሚወደደውም ክራንኩ ነው።

ብሎኑ ወደ ቀዳዳው የሚገባበት ጥልቀትም ወሳኝ ነው። በብረት ቀዳዳ ውስጥ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል፣ በአልሙኒየም ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ የውፍረቱን አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ ሊገባ ይገባል። በሁለት ወይም በሦስት ዙር ብቻ የተያዘ አጭር ብሎን ቢጠብቅም አይዘልቅም።

2. ጥርስ የሚበላባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች

2.1 አጣሞ ማስጀመር

ጥርስ በአብዛኛው የሚበላው በመጨረሻው ማጥበቂያ ሳይሆን በመጀመሪያው ዙር ነው። ብሎኑ ወይም ፔዳሉ ከቀዳዳው ጋር ቀጥ ሳይል ተጣሞ ሲገባ፣ ጠንካራው ጥርስ በለስላሳው ላይ የራሱን አዲስ ቦይ ይቆርጣል። በእጅ ቢሆን ኖሮ አልዞር ይል ነበር፤ መፍቻ ሲገባበት ግን የመፍቻው ጉልበት ስህተቱን ይሸፍነዋል። በዚህ ጊዜ የሚሰማው መክበድ “እየጠበቀ ነው” የሚል የተሳሳተ ስሜት ይሰጣል።

2.2 ልካቸው የማይገጥም ክፍሎችን ማገናኘት

በብስክሌት ላይ የሜትርና የኢንች ልክ ጎን ለጎን ይገኛል። ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የጥርስ ልክ አንድ ወጥ እንዲሆን ሐሳብ ካቀረበ በኋላ፣ የእንግሊዝ የብስክሌት ኢንዱስትሪ በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ ያለውን የራሱን ደቃቅ ልክ አወጣ። በሌላ በኩል ሌሎች ሀገሮች የሜትር ልክን ተከተሉ። ሁለቱም ልኮች እስከ ዛሬ በገበያ ላይ ይገኛሉ።

አደጋው ልኮቹ መቀራረባቸው ነው። ለአብነት ያህል 3/8 ኢንች የሆነ የኋላ አክስል ውፍረቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 0.98 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሜትሩ ልክ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት አለው። ለ10 ሚሊ ሜትር የተሠራ ዳዶ በ3/8 ኢንች አክስል ላይ በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን የሚይዘው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ሲጠብቅ ይልጠዋል። በተቃራኒው የ3/8 ኢንች ዳዶ በ10 ሚሊ ሜትር አክስል ላይ በግድ ካልሆነ አይገባም፤ በግድ ሲገባም ጥርሱን ያበላሻል። በፊት አክስሎችም ላይ በ5/16 ኢንች (7.9 ሚሊ ሜትር ገደማ) እና በ8 ሚሊ ሜትር መካከል ተመሳሳይ መደናገር ይፈጠራል።

2.3 የግራውን ፔዳል እንደ ቀኙ ማዞር

የቀኝ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይጠብቃል። የግራ ፔዳል ግን የተገላቢጦሽ ጥርስ ስላለው የሚጠብቀው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞር ነው። ይህ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ብስክሌተኛው በሚረግጥበት ጊዜ የፔዳሉ ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ ባለችው እጅግ ጠባብ ክፍተት እየተንከባለለ ቀስ በቀስ የመዞር ጠባይ አለው። የግራው ጥርስ እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ በጉዞ ላይ ራሱን ይፈታ ነበር።

ይህን የማያውቅ ሰው የግራውን ፔዳል ለመፍታት ሲሞክር የበለጠ ያጠብቀዋል፤ የቀኙን ፔዳል በግራ ክራንክ ላይ ለመግጠም ሲሞክር ደግሞ ጥርሱን በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። በፔዳሉ ዘንግ ጫፍ ወይም አንገት ላይ የሚታተመው የእንግሊዝኛ ፊደል “ኤል” ግራን፣ “አር” ደግሞ ቀኝን ያመለክታል።

2.4 ከልክ በላይ ማጥበቅ

መፍቻ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማጥበቅ፣ በእግር መርገጥ ወይም ለትንሽ ብሎን ትልቅ መፍቻ መጠቀም ጥርስን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል። ብሎኑ ካልተቆረጠ ጥርሱ ይለጣል። ለፔዳል በአብዛኛው የሚመከረው የማጥበቂያ ኃይል ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው። ይህም 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደ ማሳረፍ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የዕቃ መጫኛና የጭቃ መከላከያ ብሎኖች ግን 5 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃቸዋል፤ ይህም 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ አጭር መፍቻ ላይ እንደ 5 ኪሎ ግራም ያለ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጉልበት የሚጠቀም ሰው ትንንሾቹን ማበላሸቱ አይቀርም።

2.5 ላልቶ መንዳት

በቂ ሳይጠብቅ የቀረ ፔዳል በእያንዳንዱ እርግጫ ይወዛወዛል። የብረቱ ዘንግ የአልሙኒየሙን ቀዳዳ እየቀጠቀጠ ያሰፋዋል። መንገድ ላይ “ቤት ስደርስ አጠብቀዋለሁ” ተብሎ የታለፈ መላላት በጥቂት ኪሎ ሜትር ጉዞ ክራንኩን ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል። ከልክ በላይ ማጥበቅ አንድ ጊዜ ይጎዳል፤ ላልቶ መንዳት ግን በየዙሩ ይጎዳል።

2.6 አቧራ፣ ጭቃና ዝገት

በበጋ የጥርጊያ መንገድ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ የጨፋ ሜዳ ጭቃ በጥርሶች መካከል ይገባል። ደረቅ አሸዋ በጥርሶች መካከል እንደ ሞረድ ይሠራል፤ ብሎኑ በዞረ ቁጥር ብረቱን ይፍቃል። እርጥበት ሲታከልበት ዝገት ይከተላል። ዝገት ቦታውን ስለሚያጣብበው ብሎኑ ሲፈታ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። አልሙኒየምና ብረት በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ደግሞ አልሙኒየሙ ቶሎ ተበልቶ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ይፈጠራል፤ ሁለቱም ክፍሎች እንደ ተበየዱ ይጣበቃሉ።

2.7 ከአቅም በላይ ጭነት

በኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ሰው ማፈናጠጥ ወይም ለገበያ የሚወሰድ እህል መጫን በብዙ አካባቢዎች የተለመደ ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ብቻ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ክብደት በጉድጓድ ላይ ሲዘል የሚፈጥረው ምት ከዚህ ይበልጣል። ምቱን የሚቀበሉት መጫኛውን ከአካሉ ጋር ያያዙት ትንንሽ ብሎኖችና የኋላ አክስሉ ናቸው። ብሎኖቹ በጭነት ስር ሲላሉ ሙሉ ሸክሙ በአንድ ወገን ጥርስ ላይ ያርፋል።

2.8 የብሎኑ ጥራት

በብዙ የሜትር ልክ የብረት ብሎኖች አናት ላይ እንደ 4.8 ወይም 8.8 ያለ ቁጥር ይታተማል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብሎኑ ጠንካራ ነው። ቁጥር የሌለው ለስላሳ ብሎን ለጭቃ መከላከያ ሊበቃ ቢችልም ለመሪ፣ ለመቀመጫና ለፍሬን ማሰሪያ መዋል የለበትም።

3. በየክፍሉ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ፔዳልና ክራንክ። የአብዛኛዎቹ የአዋቂ ብስክሌቶች ፔዳል ልክ 9/16 ኢንች ሲሆን በኢንች 20 ጥርስ አለው። የበርካታ ሕፃናት ብስክሌቶችና ባለ አንድ ወጥ ክራንክ ብስክሌቶች ልክ ደግሞ 1/2 ኢንች ነው። ፔዳል ከመግዛት በፊት አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳከር ይገባል።

በሽብልቅ ሚስማር የሚያዝ ክራንክ። በቆዩ ባለ ብረት ብስክሌቶች ክራንኩ ከመሃል አክስሉ ጋር የሚያያዘው አንድ ወገኑ በተሞረደ የሽብልቅ ሚስማር ነው። ብዙዎች ሽብልቁን ወደ ውስጥ ለመሳብ በጫፉ ያለውን ትንሽ ዳዶ ያጠብቃሉ። ዳዶው የተሠራው ግን ሽብልቁ እንዳይወጣ ለመያዝ ብቻ ነው። ትክክለኛው አሠራር ክራንኩን ከበታች በጠንካራ ነገር አስደግፎ ሽብልቁን በመዶሻ አስገብቶ ካጸኑ በኋላ ዳዶውን በልክ ማጥበቅ ነው። በሚፈታበትም ጊዜ ጥርሱን በቀጥታ በመዶሻ መምታት ጫፉን ስለሚያሰፋው ዳዶው ዳግም አይገባም።

በአራት ማዕዘን አክስል ላይ የሚገባ ክራንክ። ይህን ክራንክ ለማውጣት የሚያገለግለው መንቀያ 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የክራንኩ ጥርስ ውስጥ ይገባል። መንቀያው እስከ መጨረሻው ሳይገባ ከተሳበ ወይም ከብሎኑ ስር ያለችው ሮንዴላ ሳትወጣ ከቀረች ጥርሱ ተጠርጎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ክራንኩን ማውጣት እጅግ ያስቸግራል።

የመሃል አክስል ቤት። በእንግሊዝ ልክ በተሠሩ ብስክሌቶች በሰንሰለቱ በኩል ያለው የቀኝ ወገን ክዳን የተገላቢጦሽ ጥርስ አለው። በጣሊያን ልክ በተሠሩት ግን ሁለቱም ወገኖች በሰዓት አቅጣጫ ይጠብቃሉ። ልኩ ሳይለይ በጉልበት የሚፈታ ክዳን የብስክሌቱን አካል ራሱን ያበላሻል፤ ይህ ደግሞ ከጉዳቶች ሁሉ ውድ ነው።

የጎማ አክስል። ጎማ ለመለጠፍ በተደጋጋሚ ስለሚፈታ ዳዶው ከሌሎች ክፍሎች በበለጠ ያልቃል። በፒንሳ መፍታት የዳዶውን ማዕዘን ያከበዋል፤ ሮንዴላ ሳያስገቡ ማጥበቅም ጉዳቱን ያፋጥናል።

መሪና ፍሬን። በመሪው አንገት ውስጥ የሚወርደው ረጅም ብሎን መሪውን ከፊት ሹካ ጋር ያጸናል። የፍሬን ገመድ ማሰሪያ ብሎን ደግሞ ብስክሌቱን ለማቆም የሚያስፈልገውን ኃይል በሙሉ ይሸከማል። ሁለቱ ለደኅንነት ቀዳሚ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

4. ጥርስ መበላቱን የሚያሳዩ ምልክቶች

• ብሎኑ እየዞረ አለመጥበቁ፣ ወይም ጠብቆ ከቆየ በኋላ በድንገት መቅለሉ፤
• በጥርሶቹ መካከል የሚያብረቀርቅ የብረት ፍቅፋቂ ወይም የሽቦ ቅርጽ ያለው ቁርጥራጭ መታየቱ፤
• የጥርሱ ጫፍ መደምደሙ ወይም ወደ አንድ ወገን መተኛቱ፤
• ፔዳሉ በያንዳንዱ ዙር የመንቋቋት ድምፅ ማሰማቱ ወይም ወደ ጎን መወዛወዙ፤
• የተገጠመው ፔዳል ከክራንኩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሳይሠራ ዘንበል ብሎ መታየቱ፤
• አንድ ብሎን በየጊዜው ቢጠብቅም ደጋግሞ መላላቱ።

ከእነዚህ አንዱ በመሪ፣ በፍሬን፣ በፊት ጎማ ወይም በፔዳል ላይ ከታየ ብስክሌቱን መንዳት ማቆምና እየገፉ ወደ ጥገና መውሰድ ያስፈልጋል።

5. አስቀድሞ ለመከላከል የሚወሰዱ እርምጃዎች

1) ጥርሱን ማጽዳት። ከመግጠም በፊት የብሎኑንም የቀዳዳውንም ጥርስ በብሩሽና በጨርቅ ማጽዳት፤ ቆሻሻው የደረቀ ከሆነ በጥቂት ናፍጣ አርሶ መጥረግ።

2) ግራሶ መቀባት። ስስ ግራሶ ዝገትን ይከላከላል፣ ጥርሱ እርስ በርሱ እንዳይቧጨር ያደርጋል፣ ለወደፊትም መፍታትን ያቀላል። ሆኖም ግራሶ የፍሬን ጎማንና ቸርኬውን እንዳይነካ ጥንቃቄ ማድረግ ያሻል።

3) በእጅ ማስጀመር። ብሎኑን ቀዳዳው ላይ ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ በዝግታ ማዞር፤ ጥርሱ ከጥርስ ጋር ሲገናኝ ጠብ የማለት ስሜት ይሰጣል። ከዚያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ በጣት ቢያንስ ሦስት ሙሉ ዙር ማስገባት። በጣት የማይዞር ከሆነ አውጥቶ እንደገና መጀመር እንጂ መፍቻ ማንሳት አይገባም።

4) የፔዳልን አቅጣጫ ማስታወስ። መፍቻው ከላይ ሆኖ ሲያዝ፣ በግራም ሆነ በቀኝ፣ ወደ ብስክሌቱ ፊት ሲገፋ ፔዳሉ ይጠብቃል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ይፈታል።

5) ልክ የሆነ መፍቻ መጠቀም። የብሎኑን አናት ሳይላላ የሚይዝ መፍቻ መምረጥ፤ መፍቻን በቧንቧ አለማስረዘም።

6) በየጊዜው መፈተሽ። አዲስ የተገጠመን ፔዳል፣ ክራንክና መሪ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ ዳግም ማጥበቅ፤ ከዚያም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ መፈተሽ።

7) ጭነትን መመጠን። አምራቹ በመጫኛው ላይ ያሰፈረው የክብደት ገደብ ካለ እርሱን ማክበር፤ ከጭነት ጉዞ በኋላ የመጫኛውን ብሎኖች መመልከት።

6. ጥርስ ከተበላ በኋላ ያሉ አማራጮች

ጥርስን ማቅናት። የመጀመሪያው ዙር ብቻ የተጎዳ ከሆነ በማስኪዮ (የሴት ጥርስ ማውጫ) ማቅናት ይቻላል። ለፔዳል ቀዳዳ ሁለት ዓይነት ማስኪዮ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለቀኝ፣ ሌላው የተገላቢጦሽ ሆኖ ለግራ። ማስኪዮውን ካልተጎዳው የኋላ ወገን ማስገባት ተመራጭ ነው፤ ደህናው ጥርስ መንገድ ይመራዋል።

ወደሚቀጥለው ልክ ማስፋት። በቂ ሥጋ ባለው ቀዳዳ ላይ የ5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ይህ ለዕቃ መጫኛና ለጭቃ መከላከያ ይሠራል።

ቦክላ ወይም የሽቦ ጥርስ ማስገባት። የክራንኩ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ከተበላ ቶርኖ ቤት ተወስዶ እንዲሰፋና ውስጡ ትክክለኛ ልክ ያለው የብረት ቦክላ እንዲገባበት ማድረግ ይቻላል። በሚገባ የተሠራ ቦክላ ከአልሙኒየሙ ጥርስ የበለጠ ሊጸና ይችላል። ቀዳዳው ከክራንኩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊኖረው ስለሚገባ በእጅ መሰርሰሪያ መሞከር አይመከርም። በአቅራቢያ ቶርኖ ቤት ካልተገኘ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ለዚህም ብስክሌቱን ሳይሆን ክራንኩን ብቻ ማውጣት ይበቃል።

መቀየር። አክስል፣ ዳዶ፣ የፍሬን ገመድ ማሰሪያና የሽብልቅ ሚስማር ጥርሳቸው ከተበላ ከመጠገን ይልቅ መቀየር ይቀላል፤ ደኅንነታቸውም የተጠበቀ ነው። አክስል ሲቀየር ዳዶዎቹና የኩሽኔታ መያዣ ኮኖቹ በአንድ ልክ አብረው ቢቀየሩ የኢንችና የሜትር መደናገር ይቀራል።

የማይፈቀዱ ዘዴዎች። በጥርሱ ላይ ላስቲክ፣ ክር ወይም ቀጭን ሽቦ ጠቅልሎ ማስገባት ብሎኑ የጠበቀ እንዲመስል ከማድረግ በቀር አይይዝም። ፔዳልን ከክራንክ ጋር መበየድ የዘንጉን ኩሽኔታ በሙቀት ያበላሻል፤ አልሙኒየምና ብረት በተለመደው ብየዳ ስለማይዋሃዱም በጉዞ ላይ ሊሰበር ይችላል። እነዚህ ዘዴዎች በተለይ በመሪ፣ በፍሬንና በፊት ጎማ ላይ ፈጽሞ ሊሞከሩ አይገባም።

7. በጋራዥና በመለዋወጫ መደብር ተገልጋዩ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቾች ስለሚገዙት ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በዚህም መሠረት ተገልጋዩ፦

• መለዋወጫ ሲገዛ ልኩ በኢንች ወይም በሜትር መሆኑን መጠየቅ፤
• አሮጌውን ክፍል ይዞ በመሄድ አዲሱ ዳዶ በአሮጌው ደህና ጥርስ ላይ በጣት ሙሉ በሙሉ መግባቱንና አለመወዛወዙን ማየት፤
• ፔዳል ሲገዛ አንዱ የግራ፣ ሌላው የቀኝ መሆኑን ማረጋገጥ፤ ሁለት የቀኝ ፔዳል በአንድ ማሸጊያ እንዳይገኝ መክፈትና መመልከት፤
• ደረሰኝ መቀበልና ማስቀመጥ፤
• ከጥገና በኋላ ብስክሌቱን ከመረከብ በፊት ፔዳሉን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ መሪውን በእግር መካከል የፊት ጎማን ይዞ አዙሮ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች ጨብጦ መሞከር፤
• የተቀየሩትን አሮጌ ክፍሎች እንዲመለሱለት መጠየቅ ይገባዋል።

የተሸጠው ዕቃ ጉድለት ካለበትና ከሻጩ ጋር መግባባት ካልተቻለ፣ ደረሰኙንና ዕቃውን ይዞ በአካባቢው ለሚገኘው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

8. በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

ፔዳሉ በጉዞ ላይ ቢላላ ምን ማድረግ ይገባል?
ወዲያውኑ መውረድ። መፍቻ ካለ አጽድቶና በጣት አስጀምሮ ማጥበቅ፤ ከሌለ ብስክሌቱን መግፋት። በአንድ እግር እየረገጡ መቀጠል በላላው ፔዳል ላይ ምንም ካልተጫነ ብቻ ጉዳት አያደርስም፤ ይሁንና በተሽከርካሪ መንገድ ላይ ሚዛን ስለሚያሳጣ አይመከርም።

የዛገ ብሎን አልፈታ ሲል በምን ይለቃል?
ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጨምሮ ለብዙ ሰዓታት ማቆየት፤ ከዚያ በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው አቅጣጫ እያመላለሱ መፍታት። በአንድ ጊዜ በጉልበት መፍታት ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

የተበላው የክራንክ ጥርስ ከሆነ ፔዳሉንም መቀየር ግድ ነው?
የፔዳሉ ጥርስ ከአልሙኒየም ፍቅፋቂ ጸድቶ ሲታይ ደህና ከሆነ በአዲሱ ክራንክ ላይ ሊያገለግል ይችላል። ጫፉ ከተደመደመ ወይም ከተጣመመ ግን አዲሱንም ክራንክ ስለሚበላው መቀየር አለበት።

የሕፃናት ብስክሌት ከአዋቂዎች ያነሰ ክትትል ይበቃዋል?
አይበቃውም። ሕፃናት የመላላት ምልክትን አውቀው አይናገሩም፤ ብስክሌቱንም ደጋግመው ይጥሉታል። ወላጆች ፔዳሉን፣ መሪውንና የፊት ጎማ ዳዶዎችን በየሳምንቱ በእጅ ነቅንቀው ሊያዩ ይገባል።

በአጠቃላይ የጥርስ መበላት በአብዛኛው ከእጅ በፊት መፍቻ በማንሳት፣ ልክን ሳያመሳክሩ በመግጠምና የላላን ክፍል ችላ በማለት የሚመጣ ነው። ሦስት ዙር በጣት፣ ስስ ግራሶና በየጊዜው የሚደረግ ፍተሻ ጥቂት ደቂቃ ቢወስዱም ክራንክን ከመጣል፣ ብስክሌተኛንም ከመውደቅ ያድናሉ።